የተቀባ ሚኒያቸርን እንደገና ስንቀባ፦ ችግርና መፍትሄ ለጀማሪዎች

ፋብሪካ ቀብቶ የሚሸጣቸው ሚኒያቸሮች፣ ማለትም ለጠረጴዛ ጨዋታ የሚሆኑ ትንንሽ የፕላስቲክ ምስሎች፣ ብዙዎቹ መልካቸው አያኮራም። ዓይናቸው ጉንጫቸው ላይ ወርዷል፤ ቀበቶና ሱሪያቸው አንድ ቀለም ሆኗል። ከእንዲህ ዓይነቶቹ ጨዋታዎች ሜጅ ናይት በ2000 እ.ኤ.አ.፣ ሂሮክሊክስ በ2002፣ የደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ሚኒያቸሮች ደግሞ በ2003 ገበያ ወጡ። ውጭ ያለ ዘመድ ሻንጣው ጥግ ሸጉጦ የሚያመጣልን ያገለገለ ሚኒያቸርም ብዙ ጊዜ ከእነዚህ አንዱ ነው። ደግነቱ ጥቂት በውሃ የሚቀጥን የአክሪሊክ ቀለምና አንድ ደህና ብሩሽ ካለ መልኩን መቀየር ይቻላል።

ጀማሪ ሥራው ሲበላሽበት ቶሎ ብሎ እጁን ይወቅሳል። «እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ድሮም ስዕል አልችልም» ይላል። እኔ ግን መጀመሪያ ፕላስቲኩን ጠርጥሩ እላለሁ። እነዚህ ሚኒያቸሮች የሚሠሩት ከለስላሳ ፒቪሲ ነው። ፒቪሲ በተፈጥሮው ደረቅ ስለሆነ እንዲለሰልስ ፕላስቲሳይዘር የሚባል ኬሚካል ይጨመርበታል። ይህ ኬሚካል ደግሞ አርፎ አይቀመጥም፤ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። ሁለተኛው ተጠርጣሪ እኛ ያለንበት የጅማ እርጥበት ነው። እጃችሁ የሚጠየቀው ከሁለቱ በኋላ ነው።

ቀለሙ ቀናት አልፎትም ይጣበቃል

ጀማሪን በጣም የሚያበሳጨው ይሄ ነው። ሚኒያቸሩን ስታነሱት ጣታችሁ ይያዛል፤ አቧራው ሁሉ እላዩ ላይ ይለጠፋል። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ሲንቴቲክ ቀለም ወይም የቆርቆሮ ስፕሬይ ነው። መርካቶ ከሚገኙት የሕንፃ ዕቃ ሱቆች የተገዛ ሲንቴቲክ የብረት በር ላይ ሲቀባ አንጀት ያርሳል። ለስላሳ ፒቪሲ ላይ ግን ፕላስቲሳይዘሩ ወደ ቀለሙ እየገባ እንዳይደርቅ ያደርገዋል። በስፕሬዩ ውስጥ ያለው ፈሳሽም ፕላስቲኩን ያጠቃዋል።

የእንጨት ቫርኒሽም ጣጣው ተመሳሳይ ነው። ጅማ በበርጩማዋ የታወቀች ናት፤ ስለ ቫርኒሽ የሚያውቅ ሰው አታጡም። አናጺ ጎረቤታችሁን ብትጠይቁት «ትንሽ ቲነር ጣል አድርግበት» ሊላችሁ ይችላል። ለበርጩማ እውነቱን ነው። ቲነር ፒቪሲን ስለሚበላው ለሚኒያቸር ግን አይሆንም።

መፍትሄው እንደ ችግሩ ክብደት ይለያያል። መጀመሪያ ጥቂት ቀናት አየር የሚያገኝበት ቦታ አስቀምጡት። በመጠኑ ብቻ የሚጣበቅ ከሆነ በውሃ የሚቀጥን የአክሪሊክ ቫርኒሽ በብሩሽ ስስ አድርጋችሁ ደርቡበት፤ ብዙ ጊዜ መጣበቁን ያቆመዋል። ጨርሶ የሚለጠፍ ከሆነ ግን ላዩን መሸፈን ዋጋ የለውም። በሳሙናና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ የሚለቀውን ያህል አስለቅቁና ከመጀመሪያው ተነሱ። ለቀጣዩ ደግሞ ስፕሬዩን ተዉትና በብሩሽ የሚቀባ የአክሪሊክ ፕራይመር (ቀለሙ እንዲይዝ አስቀድሞ የሚቀባ መነሻ) ተጠቀሙ። አንዳንዱ ስፕሬይ አንዱ ፕላስቲክ ላይ ደርቆ ሌላው ላይ አልደርቅ ይላል፤ አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ ማንኛውንም አዲስ ነገር መጀመሪያ በሚኒያቸሩ መቆሚያ ሥር፣ ማንም በማያየው ቦታ ሞክሩት። በማግስቱ በጣታችሁ ንኩት። ካልያዛችሁ ቀጥሉ።

ቀለሙ ይሸሻል፣ ሲደርቅም ይላጣል

ብሩሹን ስታሳርፉ ቀለሙ ተሰብስቦ ጠብ ጠብ ይላል፤ የተቀባው ቦታ ባዶ ይቀራል። ይህ ቅባት ነው። ፋብሪካው ፕላስቲኩ ከቅርጹ በቀላሉ እንዲወጣ የሚጠቀመው ቅባት ይቀርበታል። ያገለገለ ሚኒያቸር ከሆነ ደግሞ የባለቤቱ ጣት አለበት። ሳምቡሳ እየበላ የሚጫወት ሰው ምን እንደሚተው እናውቃለን።

ለብ ባለ ውሃና በፈሳሽ የዕቃ ሳሙና፣ በጥርስ ብሩሽ እየፈተጋችሁ እጠቡት። አለቅልቁና ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። እጥፋቱ ውስጥ የተደበቀች ጠብታ ውሃ ኋላ ቀለሙን ስለምታበላሽ በማግስቱ መቀባት ይሻላል። ከታጠበ በኋላ ገላውን አትንኩት። ጠርሙስ ክዳን ላይ በባለ ሁለት ገጽ ፕላስተር አጣብቁና ክዳኑን ይዛችሁ ቅቡ።

ጦሩ ጎብጧል፣ ሰይፉ ተቆልምሟል

ከአዲስ አበባ ጅማ ድረስ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ቦርሳ ውስጥ ተጨምቆ የመጣ ሚኒያቸር ጦሩ ቀጥ ብሎ ቢደርስ ነው የሚገርመው። ለስላሳ ፕላስቲክ በተጫነው ልክ ይጎብጣል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። የፈላ ውሃ ከምድጃው ካወረዳችሁ በኋላ ትንሽ ይረፍ። የጎበጠውን ክፍል ለአንድ ደቂቃ ያህል ንከሩት። በማንኪያ አውጡና በጣታችሁ አቅኑት፤ ሳትለቁት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ክተቱት። ቅዝቃዜው አዲሱን ቅርጽ ያጸናዋል። አንዳንዱ ፕላስቲክ የድሮ ቅርጹን አይረሳም፤ ከቀናት በኋላ ይመለሳል። ያኔ ድገሙት።

ይሄን የምታደርጉት ከመቀባታችሁ በፊት ነው። ተቀብቶ ካለቀ በኋላ ጦሩን ብታቃኑት ቀለሙ እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል። ቀለም ሲደርቅ እንደ ፕላስቲኩ አይለጠጥም። የተሰነጠቀውን በስሱ መደረብ ይቻላል፤ ጦሩ በተነካ ቁጥር ግን መልሶ ይሰነጠቃል።

ፊቱ ጠፋ፣ ጣቶቹ ተዋጡ

ቀለማችሁ ወፍራም ነው፤ ወይም ድርቡ በዝቷል። ሥር ያለው የፋብሪካ ቀለም ራሱ አንድ ድርብ መሆኑን አትርሱ። ብዙ ሰው «ታዲያ የድሮውን ላንሣው» ብሎ የጥፍር ቀለም ማጥፊያ ይፈልጋል። ተዉት። ውስጡ ያለው አሴቶን ፒቪሲውን ያለሰልሰዋል፣ ፊቱን ያሟሟዋል፤ ከዚያ ምንም ቀለም አያድነውም። እንደገና ለሚቀባ ሰው የፋብሪካውን ቀለም ማንሳት ከነጭራሹ አያስፈልግም ባይ ነኝ። ታጥቦ ከደረቀ የፋብሪካው ቀለም ጥሩ መነሻ ነው። ካባው ደህና ከመሰላችሁ ካባውን ሳትነኩ ፊቱንና መሣሪያውን ብቻ ቅቡ። ግማሽ ሥራ ተሠርቶ መጥቷል፤ ለምን ትጥሉታላችሁ?

አክሪሊኩን እንደ ወተት እስኪፈስ በውሃ አቅጥኑት። አንድ ወፍራም ድርብ ከምትቀቡ ሁለት ስስ ይሻላል፤ የመጀመሪያው ሳይደርቅ ሁለተኛውን አትጀምሩ። የመጀመሪያው ድርብ ያሳፍራል። ሥሩ ይታያል፣ ዝንጉርጉር ይሆናል። አትደንግጡና ጠብቁት። ውሃው ከበዛ ደግሞ ቀለሙ ሲደርቅ ዱቄት ሆኖ ይረግፋል።

የግድግዳ ፕላስቲክ ቀለም ይሆናል ወይ የሚል ጥያቄም አለ። እንደ ሲንቴቲክ አይጣበቅም። ቅንጣቱ ግን ለግድግዳ የተፈጨ ስለሆነ የጣት ጥፍር የምታህል ፊት ላይ ሻካራ ይሆናል። የሰዓሊ አክሪሊክ በጣም ይሻላል።

ሁሉም አለቀ ስንል ነጭ ጭጋግ ለበሰ

ቀለሙ አምሮ አልቋል። መከላከያ እንዲሆነው የስፕሬይ ቫርኒሽ ነፋችሁበት። በማግስቱ ጥቁሩ ካባ ግራጫ ሆኗል። ይህ የጅማ ችግር ነው ብል አላጋነንኩም። ዝናቡ ሰኔን ሳይጠብቅ ከመጋቢት ጀምሮ ይጎበኘናል፤ እስከ መስከረምም አይለቀንም። ቫርኒሹ ሲደርቅ የአየሩን እርጥበት ይይዝና ነጭ ይሆናል። ጣሳው በደንብ ካልተናወጠ ወይም በአንድ ጊዜ ብዙ ከተነፋም ውጤቱ ይሄው ነው።

ደረቅ ቀን ጠብቁና የሚያብረቀርቅ የአክሪሊክ ቫርኒሽ በብሩሽ ስስ አድርጋችሁ ቅቡበት። ብዙ ጊዜ ጭጋጉ ይገፈፋል። ብርቅርቅታውን ካልወደዳችሁት፣ ሲደርቅ የማያብረቀርቀውን በላዩ ደርቡ። በክረምት ስፕሬይ አለመንካት ነው የሚሻለው፤ በብሩሽ የሚቀባው ቫርኒሽ ዝናብ ብዙም አይበግረውም፣ መድረቂያው ብቻ ይረዝማል። ለማፋጠን ብላችሁ ከሰል ምድጃ ዳር እንዳታስቀምጡት። ጦሩ ይጎብጣል፣ አመዱም ይለጠፍበታል። የፀጉር ማድረቂያ ካላችሁ በቀዝቃዛው አየር፣ ራቅ አድርጋችሁ።

ጥላው ክብ ክብ ምልክት ጥሎ ደረቀ

እጥፋቶቹ እንዲጎሉ በጣም የቀጠነ ጥቁር ወይም ቡናማ ቀለም ማፍሰስ የተለመደ ዘዴ ነው፤ ጥላ የምለው ይህን ነው። ችግሩ ቀለሙ ሜዳ ቦታ ላይ ይቆምና ጠርዙ ላይ ደርቆ ቀለበት ይሠራል። ብዙ ስለፈሰሰ ነው። ገና እርጥብ ሳለ ንጹህ ብሩሽ በውሃ አርሳችሁ፣ ጨርቅ ላይ ጨመቅ አድርጋችሁ የተጠራቀመውን ምጠጡት። ግማሽ የደረቀውን ግን አትነካኩ፤ ይቦጨቃል። ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ የታችኛውን ቀለም ሜዳው ላይ መልሳችሁ ቅቡ። የፋብሪካው ቀለም የሚያብረቀርቅ ሆኖ ጥላው አልይዝ ካለ፣ መጀመሪያ የማያብረቀርቅ ቫርኒሽ ስጡት።

ጥቃቅኖቹ

ቢጫ ወይም ቀይ አልሸፍን ካለ ሥሩ ጥቁር ነው ማለት ነው። ለቢጫ ነጭ ወይም ፈዛዛ ቡናማ፣ ለቀይ ሮዝ ወይም ቡናማ አስቀድማችሁ አንጥፉ።

ሁሉም ነገር ድንገት ማብለጭለጭ ከጀመረ የብሩሽ ውሃችሁን እዩ። የብርና የወርቅ ቀለም ቅንጣት ውሃው ውስጥ ይቀራል። ለእነሱ የተለየ ብርጭቆ ያዙ።

የብሩሹ ጫፍ ከተከፈለ ቀለም ብረቱ ውስጥ ገብቶ ደርቋል። በሳሙና እጠቡና በጣታችሁ አሹሉት፤ ብርጭቆ ውስጥ ጸጉሩን ዘቅዝቃችሁ አታሳድሩ። በጣም ቀጭን ብሩሽም አትመኙ። ቀለሙ ዓይኑ ጋ ሳይደርስ ይደርቅባችኋል። ጫፉ የሾለ ቁጥር 1 ዓይንም ይሠራል።

የተሰበረ እጅ ለመለጠፍ ሱፐር ግሉ። ለሞዴል አውሮፕላን የሚሸጠው የፕላስቲክ ማጣበቂያ ፒቪሲን አይዝም።

ማታ ያማረው ጠዋት ሌላ ከመሰላችሁ አምፖሉ ቢጫ ነው። መብራት ጠፍቶ በሻማ መቀባትማ ጭራሽ አይታሰብም። ቀለም መምረጡን በቀን፣ መስኮት ዳር ጨርሱት።

መቆሚያው ሻገተ

የቡና አተላ ሚኒያቸር መቆሚያ ላይ በእንጨት ኮላ ሲለጠፍ ጥሩ አፈር ይወጣዋል። ጅማ ሆኖ አተላ የሚያጣ ደግሞ የለም። ግን ከጀበናው እንደወጣ ከተለጠፈ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ነጭ ጸጉር ያወጣል። እርጥበቱ ኮላው ሥር ታፍኖ ስለቀረ ነው። የሻገተውን በቢላ ፍቃችሁ አንሱት፤ መቆሚያውን በአልኮል ጥረጉ፣ አልኮሉ የተቀባውን እግር እንዳይነካ ብቻ ተጠንቀቁ። አዲሱን አተላ ምጣድ ላይ በስስ ዘርግታችሁ በዝግታ እሳት አድርቁት። ስትጨብጡት ከእጃችሁ ላይ መርገፍ አለበት። ከዚያ ለጥፉት፣ ኮላው ሲደርቅ ቀቡት፣ በመጨረሻ በቫርኒሽ ዝጉት።