የዐውደ ቀመርን ቀናት ወደ ብቸኛ አካፋዮች እንዴት መበተን ይቻላል?

በጎጃም የአብነት ጉባኤ ባሕረ ሐሳብን (የበዓላትና የአጽዋማት ቀን ማውጫ ስሌትን) የተማረ ሰው፣ 532 ዓመት አንድ ዐውደ ቀመር መሆኑንና ይህ ዘመን ሲሞላ በዓላትና አጽዋማት በቀድሞ ቦታቸው ተመልሰው እንደሚውሉ ያውቃል። ዘመኑ ወደ ቀን ሲመነዘር 194,313 ይሆናል። ይህን ቁጥር በእርሳስና በወረቀት ብቻ እስከ ሥሩ፣ ማለትም ከ1ና ከራሳቸው በቀር አካፋይ እስከሌላቸው ብቸኛ ቁጥሮች ድረስ፣ መበተን ይቻላል፤ ሲበተንም ዑደቱ ለምን ያን ያህል እንደሚረዝም ይገለጣል።

መጀመሪያ ቁጥሩን ራስዎ ያግኙት። ከማቴዎስ እስከ ዮሐንስ ያሉት አራት ዓመታት፣ በአንዱ ጳጉሜን 6 ቀን ስለምትሆን፣ 1,461 ቀናት አሏቸው። በ532 ዓመት ውስጥ አራት ዓመት 133 ጊዜ ስለሚገኝ 1,461ን በ133 ያባዙ።

ቀጥለው በግዕዝ አኃዝ ይጻፉት፦ ፲፱፼፵፫፻፲፫። ይህን ደረጃ እንዳይዘሉት አደራ እላለሁ። በደብረ ማርቆስ ተማሪ ሳለሁ ለ3ና ለ9 አንድ፣ ለ11 ደግሞ ሌላ ስሌት እሠራ ነበር፤ የግዕዙ አጻጻፍ ግን ሁሉንም በአንድ ድምር ይፈታል። ቁጥሩ 19፣ 43 እና 13 ተብሎ ተከፍሏል፤ ድምራቸው 75 ነው። ፻ ከ99፣ ፼ ደግሞ ከ9,999 በአንድ ብቻ ስለሚበልጡ፣ 99ና 9,999ም ለ3፣ ለ9ና ለ11 ያለ ቀሪ ስለሚካፈሉ፣ ትልቁ ቁጥር ለእነዚህ ሲካፈል የሚተርፈው ቀሪ ከ75 ከሚተርፈው ጋር አንድ ነው። 75 ለ3 ይካፈላል፣ ለ9ና ለ11 ግን አይካፈልም፤ 194,313ም እንዲሁ።

አሁን ለ3 ያካፍሉት፤ 64,771 ይደርሳል። ይህን ለ7 ሲያካፍሉ 9,253 ያገኛሉ። በ9,253 ላይ 7 እንደገና ቢሞከር 6፣ 13 ቢሞከር 10፣ 17 ቢሞከር 5 ይተርፋል፤ 19 ግን ልክ ገብቶ 487ን ይሰጣል። 23 በ23 ሲባዛ 529 ሆኖ ከ487 ስለሚበልጥ፣ ከ23 በታች ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች መፈተን ይበቃል። 9,253ን ያልከፈለ ቁጥር 487ንም ስለማይከፍል፣ ከእነዚህ ያልተፈተነው 19 ብቻ ሲሆን፣ 487 ለእሱ ሲካፈል 12 ይተርፋል፤ 2ና 5ም በመጨረሻው አኃዝ ብቻ ይወድቃሉ። ስለዚህ 487 ብቸኛ ቁጥር ነው፤ ውጤቱም 3 × 7 × 19 × 487 ነው። አንዱም ስለማይደጋገም ቁጥሩ 16 አካፋዮች አሉት።

አሁን 7ን ለብቻው ያውጡት። የሚቀረው 27,759 የዐውደ ቀመር ሳምንታት ብዛት ነው፤ ይኸው ቁጥር ደግሞ የ76 ዓመቱ ዐውደ ማኅተም ቀናት ብዛት ነው። አካፋዮቹ 3፣ 19ና 487 ብቻ ስለሆኑ ለ7 ሲካፈል 4 ቀን ይተርፋል። መስከረም 1 እሑድ ከዋለ ከ76 ዓመት በኋላ ሐሙስ ይውላል፤ በየ76 ዓመቱም ሰኞ፣ ዓርብ፣ ማክሰኞ፣ ቅዳሜና ረቡዕ እያለ ሄዶ፣ በሰባተኛው ዙር፣ ማለትም 194,313 ቀን ሲሞላ፣ ወደ እሑድ ይመለሳል።