ከባህር ዳር ላሊበላ በአውሮፕላን ስንት ኪሎሜትር ነው፣ ስንት ደቂቃስ ይፈጃል? ራሳችሁ አስሉት

ብዙ ሰው ከባህር ዳር ላሊበላ በፕሌን ስንት ሰዓት ነው ብሎ ይጠይቃል፣ መልሱ ግን በቀጥታ ነው ወይስ በአዲስ አበባ ዞራችሁ ነው የምትሄዱት የሚለው ላይ ነው ያለው። ልዩነቱ ደግሞ ቀላል እንዳይመስላችሁ።

መጀመሪያ ርቀቱን ለኩ። ጎግል ማፕን በኮምፒውተር ክፈቱና ባህር ዳር ኤርፖርት ላይ፣ ከተማው ላይ ሳይሆን ኤርፖርቱ ራሱ ላይ፣ የማውሱን ቀኝ ስትጫኑ ርቀት መለኪያው ይመጣል፣ እሱን መርጣችሁ ላሊበላ ኤርፖርት ላይ ክሊክ ማድረግ ነው በቃ። 185 ኪሎሜትር አካባቢ ይሰጣችኋል። ፓይለቶቹ በሚጠቀሙበት ኖቲካል ማይል 100 ገደማ ማለት ነው፣ አንዱ 1.852 ኪሎሜትር ስለሆነ። በመኪና ግን በወረታ፣ በደብረ ታቦር አድርጋችሁ ጋሸና ላይ ስትታጠፉ ወደ 300 ኪሎሜትር ይጠጋል፣ ዳገቱና ጠመዝማዛው ሳይቆጠር።

አሁን ሰዓቱ። ሀገር ውስጥ በብዛት የሚበረው ኪው 400 የሚባለው ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ነው፣ ሽቅብ ወጥቶ ሲስተካከል በሰዓት ከ600 ኪሎሜትር በላይ ይሄዳል፣ ግን አጭር በረራ ላይ ገና ወጣ ሳይባል መውረድ ስለሚጀምር እኔ ሁሌ 550 ብዬ ነው የማሰላው። 185ን ለ550 አካፍላችሁ፣ ወደ ደቂቃ ለመቀየር በ60 ስታባዙት 20 ደቂቃ ገደማ ነው፣ እዛ ላይ ለመንደርደሪያው፣ ለመውጣቱ፣ ለማረፉ ሌላ 20 ደቂቃ ጨምሩ፣ 40 ደቂቃ ሆነ። ይቺን 20 ደቂቃ የሚረሳ ሰው ነው ሁሌ የሚሳሳተው፣ ምክንያቱም ትኬት ላይ ያለው ሰዓት ፕሌኑ ከቆመበት ተነስቶ መድረሻው ላይ እስኪቆም ያለው ነው እንጂ አየር ላይ የሚቆየው ብቻ አይደለም።

በአዲስ አበባ ከሆነስ? ባህር ዳር አዲስ አበባ 333 ኪሎሜትር አካባቢ ነው፣ አዲስ አበባ ላሊበላም ያው 332 ገደማ፣ ድምሩ 665። 185 ኪሎሜትር ለመሄድ 665 ትበራላችሁ ማለት ነው! እያንዳንዱ 1 ሰዓት ገደማ ነው፣ ዋናው ጊዜ የሚሄደው ግን ቦሌ ቁጭ ብሎ ቀጣዩን በረራ በመጠበቅ ነው። ስለዚህ ትኬት ስትፈልጉ ቀጥታ በረራ ያለበትን ቀን ፈልጉ፣ ፕሮግራሙ ስለሚቀያየር በየቀኑ አለ ብላችሁ እንዳትወስኑ፣ አንዳንዴም አንድ የበረራ ቁጥር ሆኖ መሀል ላይ ሌላ ከተማ የሚያርፍ ስለሚኖር ማረፊያ አለው ወይ የሚለውን ሳታዩ አትክፈሉ።

ከአሜሪካም ከዱባይም ሆናችሁ ለቤተሰብ ትኬት የምትቆርጡ ደግሞ ሰዓቱን አደራ! ትኬቱ ላይ ያለው የፈረንጅ ሰዓት ነው፣ 13:20 ካለ ለእማዬ የምትነግሯት ከቀኑ 7 ሰዓት ከ20 ብላችሁ ነው፣ 6 ቀንሱ። 7:20 ካለ ደግሞ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ20 ነው፣ ብዙ ሰው በረራ የሚያመልጠው እዚህ ጋ ነው።

ሲደርሱም የላሊበላ ኤርፖርት ሹምሸሃ ላይ ስለሆነ ከከተማው ከ20 ኪሎሜትር በላይ ይርቃል፣ ለመኪናው ከግማሽ ሰዓት በላይ ያዙና የሚቀበላቸውን ሰው ወይ የሆቴሉን መኪና ከመነሳታቸው በፊት ደውላችሁ አረጋግጡ።