«እቅፍ ለመደ» ሲሏችሁ፦ ከጨቅላ ልጅ ጋር እንዴት መተሳሰር ይቻላል

እናቴ ናት ያረሰችኝ። የልጁ የአርባ ቀን ክርስትና እንዳለፈ ወደ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ተመለሰች። ዳግም ደብረ ብርሃን የመጣችው ልጁ ስምንት ወር ሲሞላው ነው። ባናውን ተሸክማ፣ ቅቤውን ይዛ፣ ገና በሩ ላይ እጇን ዘረጋችለት። ልጁ አንዴ አያት፣ ጮኸ፣ አንገቴ ስር ተወሸቀ። እናቴን ከፋት። «ምነው፣ ሰው አላሳየሽውም እንዴ?» አለችኝ። እኔም አፈርኩ።

ዛሬ ቢሆን አላፍርም ነበር። ያ ለቅሶ ልጁ የራሱን ሰው ለይቶ ማወቁን ነው የሚናገረው። ወደዚያ የሚያደርሰው ሥራ ደግሞ የሚጀምረው ከመጀመሪያዋ ቀን ነው።

በፊት «ልጅ የሚወደው ያጠባውን ነው» ይባል ነበር። እንግሊዛዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ጆን ቦውልቢ ግን ሕፃን የሚጠብቀውን ሰው የሙጥኝ ማለቱ ለሕይወቱ መትረፊያ አብሮት የተወለደ ነገር እንጂ የወተት ጉዳይ ብቻ አይደለም አለ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሃሪ ሃርሎው ደግሞ የጦጣ ግልገሎችን ከሁለት አሻንጉሊት እናቶች ጋር አስቀመጠ። አንዷ ከሽቦ የተሠራች፣ ጡጦ የያዘች ናት። ሌላዋ ለስላሳ ጨርቅ የለበሰች፣ ባዶ እጇን። ግልገሎቹ ከሽቦዋ ጠጥተው ወደ ጨርቋ ይሮጡ ነበር።

1. ፊታችሁን አቅርቡ

አዲስ የተወለደ ልጅ ደህና አድርጎ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ጡት ላይ ሆኖ የእናቱ ፊት የሚገኘውም እዚያው ነው። ድምፅዋንማ ከማህፀን ጀምሮ ያውቀዋል። ስለዚህ ስታጠቡ ወሬ አውሩለት፣ እሹሩሩ በሉት፣ ዓይኑን እዩት።

የኛ ሀገር ውርጭ እዚህ ላይ ትንሽ ያስቸግራል። ብርድና ምች ፈርተን ልጁን እስከ አናቱ በጋቢ እንጠቀልለዋለን። ገላው ይሙቅ፣ ግዴለም። ቤት ውስጥ ግን ፊቱን ግለጡለት። ለመተንፈስም ለማየትም ይፈልገዋል።

2. ሲያለቅስ ድረሱለት

ትልቁ ጭቅጭቅ እዚህ ነው። «እቅፍ አታስለምጂው፣ ኋላ ሥራ ያስፈታሻል» የማይል ጎረቤት የለም። እኔም ሰምቼ ሁለት ሌሊት ሞከርኩት። ሁለታችንም አለቀስን፣ ያገኘነው ነገር የለም።

የሁለት ወር ልጅ ተንኮል አያውቅም። ማልቀስ ብቸኛ አፉ ነው። «ስጠራ የሚመጣ አለ ወይስ የለም?» የሚለውን የሚማረው ከናንተ መልስ ነው። እነ የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሜሪ አይንስወርዝ እ.ኤ.አ. በ1972 ባወጡት ጥናት፣ በመጀመሪያ ወራት ቶሎ የተደረሰላቸው ልጆች ወደ ዓመታቸው ገደማ ለቅሷቸው ቀንሶ ተገኘ። በዚህ ውጤት ኋላ የተከራከሩ ተመራማሪዎች አሉ። እቅፍ ሕፃንን ያበላሸዋል የሚለው ግን በጥናት የቆመ ነገር አይደለም።

እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ ድምፅ አሰሙት፤ «መጣሁ፣ መጣሁ»። ከዚያ ራበው? ሽንቱ አራሰው? በረደው? ምንም ከሌለ እቀፉት። የልጅ ለቅሶ እስከ ስድስት ሳምንት አካባቢ እየባሰ ሄዶ ከዚያ ይበርዳል። ትዕግሥታችሁ ካለቀ ልጁን ከማይወድቅበት ቦታ በጀርባው አስተኙትና ለጥቂት ደቂቃ ዘወር በሉ። በፍጹም እንዳትነቀንቁት፤ አንጎሉ ይጎዳል።

3. እዘሉት

አንቀልባ ያላችሁ አውጡት። እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመ፣ ኒው ዮርክ ላይ የተሠራ ጥናት ሳነብ ፈገግ አልኩ። ለከፊሎቹ እናቶች ለስላሳ ማዘያ፣ ለከፊሎቹ የፕላስቲክ መቀመጫ ተሰጣቸውና፣ የታዘሉት ልጆች ዓመት ካለፋቸው በኋላ ሲታዩ ከእናታቸው ጋር የተሻለ ተሳስረው ተገኙ። የመንዝ ሴት ይህን ስትሰማ «እና?» ነው የምትለው።

አንድ ነገር ግን አለ። ጀርባ ላይ ያለ ልጅ ፊታችሁን አያይም። አንገቱ ያልጸና ልጅ ደግሞ ከፊት ቢታቀፍ ይሻላል። የታዘለውንም ሥራ መሀል ዞር እያላችሁ አነጋግሩት።

4. ተራ ስጡት

«አግ» ካለ «አግ» በሉት፣ ከዚያ ዝም ብላችሁ ጠብቁ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኤድዋርድ ትሮኒክ እናቶችን ልጃቸው ፊት ቁጭ አድርጎ ፊታቸውን እንደ ድንጋይ እንዲያደርጉ ጠየቃቸው። ሕፃናቱ ፈገግ አሉ፣ እጃቸውን ዘረጉ፣ አልሆን ሲል ፊታቸውን አዞሩ። ስልክ ላይ አፍጥጠን ስናጠባ ልጁ የሚያየው ፊት ከዚያ ብዙ አይርቅም። እራሴን ነው የምወቅሰው።

ይሁንና ሁልጊዜ መግጠም አይጠበቅባችሁም። ያው ተመራማሪ እንዳየው እናትና ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ይተላለፋሉ። ዋናው ተመልሶ መገናኘቱ ነው።

5. ለሥራ ስትመለሱ

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የወሊድ ፈቃድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀን ነው። ልጁ አራት ወር አካባቢ ላይ ሆኖ ትመለሳላችሁ ማለት ነው። ለአባት ሦስት ቀን ተሰጥቶታል። አስተያየቴን ልዋጠው።

ሞግዚት ወይም አክስት የምትይዘው ከሆነ ቢያንስ ሳምንት አብራችሁ ዋሉ። ልጁ እናንተ እያላችሁ ይልመዳት። ደግሞ ሰው አትቀያይሩበት፤ ደመወዝ ላለመጨመር ብሎ ሞግዚት መቀየር የማያዋጣ ቁጠባ ነው። ስትወጡም ሹልክ አትበሉ። ያልቅስ፣ ግን ደህና ዋል በሉት። አድብቶ የሚጠፋ ሰው ልጁን ቀኑን ሙሉ በር በር ያሳየዋል።

እናት ብቻም አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1964 የታተመ የግላስጎው ጥናት 60 ሕፃናትን ተከታትሎ፣ ብዙዎቹ ከአባት፣ ከአያት፣ ከእህት ወንድም ጋርም እንደሚጣበቁ አየ። ባልየው ልጁን ያጥበው፣ ማታ እሱ ያስተኛው።

6. ሰው መፍራት ሲጀምር

ከሰባት እስከ ዘጠኝ ወር ገደማ ይመጣል። እንግዳው ልጁን ከእጃችሁ አይቀማ። ይቀመጥ፣ ዓይኑን አያፍጥጥበት፣ ቡናውን ይጠጣ። ልጁ ከጭናችሁ ላይ ሆኖ ይሰልለዋል፤ ሲፈልግ ይወርዳል።

ሌላ የሚያሳስብ ነገር ካለ፣ ለምሳሌ ልጁ ሦስት ወር አልፎት ፊት አይቶ የማይስቅ ከሆነ፣ ጤና ጣቢያ አሳዩት። እናትም ከወለደች በኋላ ከሁለት ሳምንት በላይ ልቧ ጨልሞ፣ ልጁን ማየት ካስጠላት ሕመም ነው፣ ይታከማል። ጠበል መሄዱም ይቻላል፣ ሐኪም ግን አይቅር።

እናቴ የነገርኳትን ሰምታ ልጁን ተወችው። ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ሱፏን መፍተል ያዘች፤ ቀና ብላም አላየችው። በሦስተኛው ቀን እየዳኸ ሄዶ እንዝርቷን ያዘ። «እኮ፣ ማሙሽ፣ መጣህልኝ?» አለችው፣ አሁንም ቀና ሳትል።