የኮሪያ ፖፕ ሙዚቃን አንድ ዓመት በደብተር መዝግቦ ለመከታተል

ብዙ አድማጭ የአንድን ዓመት የኮሪያ ፖፕ ሙዚቃ የሚያውቀው ዲሴምበር ሲገባ ከሚወጡት የዓመቱ ምርጥ ዘፈኖች ዝርዝር ነው። ዝርዝሮቹ ጥቅም የላቸውም አልልም፤ ነገር ግን አንድ ዘፈን መቼ እንደወጣ፣ መቼ ሕዝብ ጆሮ እንደደረሰና መቼ እንደተሸለመ ለይተው አያሳዩም፤ በኬ-ፖፕ ደግሞ እነዚህ ቀኖች ብዙ ጊዜ ይራራቃሉ። ዓመቱን በትክክል ለማወቅ የሚሻው መንገድ ከጃንዋሪ ጀምሮ በራስ እጅ መመዝገብ ነው። የሚሠራበትን አኳኋን ከዚህ በታች አስረዳለሁ፤ ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፣ ምሳሌዎቹንም በብዛት የምወስደው ከ2012 ነው፤ ለልምምድ ከዚያ የተሻለ ዓመት አላውቅምና።

አንድ ወፍራም ደብተር ይያዙና ለእያንዳንዱ ዘፈን አንድ ረድፍ ይስጡ፤ ረድፉንም በአራት ዓምድ ይክፈሉት። የመጀመሪያው ዘፈኑ የተለቀቀበት ቀን ነው፤ ሁለተኛው በሰፊው መደመጥ የጀመረበት፣ ሦስተኛው በቴሌቪዥን ውድድር ወይም በዓመታዊ ሽልማት ያሸነፈበት ነው። አራተኛውን ሰፋ አድርገው ለራስዎ ጆሮ ይተዉት፤ ዘፈኑን በሰሙበት ዕለት የተሰማዎትን ሁለት ዓረፍተ ነገር ይጻፉበት፣ ከሦስት ሳምንት በኋላም ተመልሰው ሰምተው የተለወጠውን ይጨምሩበት። በዕለቱ ያልተጻፈ ስሜት በኋላ የሽልማቱን ወሬ ተከትሎ ይለወጣል፤ ስለዚህ ይህን ዓምድ በፍጹም አያሳድሩት።

ሰዓቱን በተመለከተ የኢትዮጵያ አድማጭ ዕድለኛ ነው። ሴኡል ከአዲስ አበባ በ6 ሰዓት ስለምትቀድም፣ እኛም ቀኑን ከንጋት ጀምረን ስለምንቆጥር፣ የኮሪያ ሰዓት ቁጥርና የእኛ ቁጥር ምንጊዜም አንድ ነው፤ የሚለያየው ቀን መሆኑና ሌሊት መሆኑ ብቻ ነው። አብዛኞቹ ዘፈኖች የሚለቀቁት በሴኡል ከምሽቱ 6 ሰዓት ነው፤ ይህም አዲስ አበባ ላይ ከቀኑ 6 ሰዓት፣ ልክ የምሳ ሰዓት ላይ ይውላል። ዋሽንግተን ያለ ወገን ግን እንደ ወቅቱ ከሌሊቱ 10 ወይም 11 ሰዓት መነሳት ይኖርበታል። ዘፈን የሚለቀቅበት ሰዓት እንዲህ አንድ ዓይነት የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። ቀድሞ ብዙዎቹ ዘፈኖች እኩለ ሌሊት ላይ ይለቀቁ ነበር፤ ተራው ሰው ተኝቶ ሳለ አድናቂዎች በኅብረት እየደጋገሙ በማድመጥ ዘፈናቸውን በየሰዓቱ የዘፈኖችን ደረጃ ከሚያሳየው ሰንጠረዥ አናት ላይ ያወጡታል የሚል ቅሬታ በመበርታቱ ከፌብሯሪ 2017 ጀምሮ በሌሊት የወጣ ዘፈን ወዲያው በሰዓት ሰንጠረዥ ላይ እንዳይቆጠር ተደረገ፤ ኩባንያዎቹም ወደ ምሽቱ 6 ሰዓት ዞሩ። ስለዚህ የ2012 ዘፈን በመጀመሪያው ሌሊት ያገኘውን ደረጃ ከዛሬው ዘፈን ደረጃ ጋር ሲያወዳድሩ ደንቡ መለወጡን ከግምት ያስገቡ።

ሳምንቱን በሳምንት ለመያዝ የቴሌቪዥኑን መርሐ ግብር መከተል ይበቃል። ሐሙስ በኤምኔት «ኤም ካውንትዳውን»፣ ዓርብ በኬቢኤስ «ሙዚክ ባንክ»፣ ቅዳሜ በኤምቢሲ «ሙዚክ ኮር»፣ እሑድ በኤስቢኤስ «ኢንኪጋዮ» ይቀርባሉ። አንድ ቡድን አዲስ ሥራ ይዞ ሲመጣ «ካምባክ» ይባላል፤ ከአራት ወር በፊት ዘፍኖ የነበረ ቢሆንም እንኳ ቃሉ ያው ነው። አራቱንም መርሐ ግብሮች ማየት አይጠበቅብዎትም፤ አንዱን መርጠው ሳያቋርጡ ቢከተሉ የዓመቱን ምት ይይዛሉ።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ቁጥሩ ነው። የአልበም ሽያጭና የዘፈን መደመጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይለካሉ። አልበም የሚገዛው በዋነኝነት አድናቂው ነው፤ በውስጡ የትኛው አባል እንደሚደርሰው የማያውቀው ፎቶ ካርድ ስላለ፣ ከአባላቱ ጋር ለመገናኘት የሚያስችል ዕጣም ከግዢው ጋር ስለሚያያዝ፣ አንድ ሰው አንዱን አልበም ብዙ ቅጂ ይገዛል። ሃንቴዮ የሚባለው ሰንጠረዥ በሱቆች የተሸጠውን ይቆጥራል፤ በመጀመሪያዎቹ 7 ቀናት የተሸጠው መጠን «ቾዶንግ» ይባላል፣ አድናቂዎችም ከሁሉ አብልጠው የሚጠብቁት እሱን ነው። በፌብሯሪ 2010 ጋኦን ተብሎ ተጀምሮ በጁላይ 2022 ሰርክል የተባለው ሰንጠረዥ ደግሞ በአልበም በኩል ወደ ሱቆች የተላከውን ይመዘግባል፤ ስለዚህ የሁለቱ አኃዝ ባይገጥም አይደነቁ። አውቶቡስ ውስጥ ያለው ተራ አድማጭ የሚሰማውን ለማወቅ ሜሎንን የመሰሉ የኢንተርኔት ማድመጫዎችን ሰንጠረዥ ይመልከቱ። ከአልበም ሽያጭና ከዘፈን መደመጥ አንዱን ብቻ ይዘው ዓመቱን ቢያጠቃልሉ ግማሹን ብቻ አይተዋል ማለት ነው።

በ2012 ይህ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ማርች 29 ቀን ባስከር ባስከር የተባለው ቡድን «ቼሪ ብሎሰም ኢንዲንግ»ን አወጣ፤ ከአንድ ዓመት በፊት በኤምኔት የዘፈን ውድድር ሁለተኛ የወጡ ሦስት ወጣቶች ናቸው፣ ዘፈኑም ጊታርና ለስላሳ ድምፅ ነው፣ የኮሪያ አድማጭም ወደደው። ኤፕሪል 8 ቀን ኤክሶ የተባለው የወንዶች ቡድን ለመጀመሪያ ጊዜ ወጣ፤ ይህ በዚያን ወቅት በአብዛኛው የአድናቂዎች ጉዳይ ነበር። ጁላይ 15 ቀን ሳይ የተባለው ዘፋኝ «ጋንግናም ስታይል» ወጣ፤ በአሜሪካው የቢልቦርድ ሰንጠረዥ እስከ ሁለተኛ ደረጃ ደርሶ ዲሴምበር 21 ቀን በዩቲዩብ 1 ቢሊዮን ጊዜ በመታየት የመጀመሪያው ቪዲዮ ሆነ። የአገሬው አድማጭ፣ የአድናቂው ማኅበርና የውጭው ዓለም በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት የተለያዩ ዓመታትን አሳለፉ ብል ማጋነን አይሆንም። ኖቬምበር 30 ቀን ሆንግ ኮንግ ላይ በተካሄደው «ማማ» በተባለው የኤምኔት ዓመታዊ የሙዚቃ ሽልማት እንኳ የዓመቱ ዘፈን ለሳይ፣ የዓመቱ አርቲስት ለቢግ ባንግ፣ የዓመቱ አልበም ለሱፐር ጁኒየር ተከፋፈለ። በደብተርዎ ጠርዝ ላይ ለሦስቱ አድማጮች ሦስት ቀለም ቢጠቀሙ ይህ ልዩነት በአንድ እይታ ይታይዎታል።

ዝም ያሉ ሳምንታትንም ይመዝግቡ። ኤፕሪል 16 ቀን 2014 ሴዎል የተባለችው መርከብ ሰጥማ 304 ሰዎች፣ አብዛኞቹም ተማሪዎች፣ ሲያልቁ የሙዚቃ መርሐ ግብሮች ለሳምንታት ተቋረጡ፣ ሊወጡ የነበሩ አልበሞችም ተላለፉ። በኦክቶበር 2022 መጨረሻ በኢቴዎን ሰዎች ተጨናንቀው ባለቁ ጊዜም እስከ ኖቬምበር 5 በተደረገው ብሔራዊ ሐዘን ብዙ ሥራ ዘገየ። እነዚህ ባዶ ረድፎች ካልተጻፉ፣ በቀጣዩ ወር ዘፈኖች ለምን እንደተደራረቡ ከጊዜ በኋላ ደብተሩን የሚያነብ ሰው አይገባውም።

ሁለተኛው ዓምድ ለምን እንደሚያስፈልግ ለማየት ከ2017 ደብተር አንድ ረድፍ እንመልከት። ብሬቭ ገርልስ የተባሉት ሴቶች «ሮሊን»ን ያወጡት ማርች 7 ቀን 2017 ነው፤ ሁለተኛው ዓምድ ለአራት ዓመት ያህል ባዶ ነበር። ቡድኑ ሊበተን በተቃረበበት ጊዜ፣ ፌብሯሪ 24 ቀን 2021፣ በጦር ካምፖች ለወታደሮች ሲዘፍኑ የሚያሳዩ ቀረጻዎችን ከተመልካቾች ቀልደኛ አስተያየት ጋር ያቀናበረ ቪዲዮ በዩቲዩብ ወጣ፤ ወታደሮቹ እየዘለሉ አብረው ሲዘፍኑ ይታያል። ማርች 14 ቀን ቡድኑ በኢንኪጋዮ አንደኛ ሆነ። ኮሪያውያን ይህን የኋልዮሽ ሩጫ ይሉታል። ዘፈኑ የ2017 ነው ወይስ የ2021? የእኔ መልስ በ2017 ደብተር ረድፉን ሞልቶ፣ በ2021 ደብተር ደግሞ ወደዚያ የሚመራ አንድ መስመር መጻፍ ነው።

ስሞችን ሲጽፉ ከእንግሊዝኛው ፊደል ይልቅ ከኮሪያኛው ድምፅ ቢነሱ ይመከራል። ሃንጉል 24 መሠረታዊ ፊደላት ብቻ ስላሉት በጥቂት ቀናት ማንበብ ይቻላል። በላቲን ፊደል ለመጻፍ የሚያስቸግሩትን ሁለት አናባቢዎች የእኛ ግዕዝና ሳድስ በደንብ ይቀርቧቸዋል፤ ይህን ሳይጠቀሙ መቅረት ያሳዝናል።

ዓመቱ በዲሴምበር 31 አይዘጋም። የጎልደን ዲስክ ሽልማት የሚካሄደው አብዛኛውን ጊዜ በጃንዋሪ ነው፤ ሽልማቶቹም የየራሳቸው የሒሳብ ዘመን ስላላቸው በዓመቱ መጨረሻ የወጣ ዘፈን ብዙ ጊዜ ለቀጣዩ ዓመት ይተላለፋል። ስለዚህ ከዲሴምበር ገጽ በኋላ ጥቂት ባዶ ገጾች ይተዉ፣ ደብተሩንም ከእጅዎ አያርቁት። በእኔ የ2012 ደብተር የባስከር ባስከር ረድፍ ቦታ አልበቃው ብሎ ሌላ ወረቀት ተለጥፎበታል፤ ዘፈኑ ከ2013 ጀምሮ የቼሪ አበባ በሚፈነዳበት ወቅት ወደ ሰንጠረዡ እየተመለሰ ኮሪያውያን ገቢውን «የአበባ ጡረታ» ብለውታልና።