የናፍጣ ፒክአፕ አውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት በቤት ውስጥ አቀያየር

የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት «ዕድሜ ልኩን አይቀየርም» የሚለው አባባል ብዙ ጤነኛ ካምቢዮ ያለ ጊዜው አስረጅቷል። ይህን የምጽፈው ከ2015 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የመጣውን፣ ባለ ስድስት ማርሽ አውቶማቲክ የሆነውን የናፍጣ ቶዮታ ሃይሉክስ በማሰብ ነው። ባለ 2.8 ሊትሩ ሞተር በአውቶማቲክ መጀመሪያ 450፣ ከ2020 ወዲህ ደግሞ እስከ 500 ኒውተን ሜትር የማዞር ጉልበት ይሰጣል። መኪናው ዕቃ ጭኖ ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን ሲወጣ ከዚህ ጉልበት ከፊሉ፣ ሞተሩንና ካምቢዮውን በዘይት በሚያገናኘው በቶርክ ኮንቨርተሩ ውስጥ ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ያን ሙቀት ተሸክሞ ወደ ማቀዝቀዣው የሚያደርሰው፣ ማርሾቹን የሚያለሰልሰውና ፍሪሲዮኖቹን (ማርሽ የሚያስይዙትን የክላች ሳህኖች) በግፊት የሚያጣብቀው ያው አንድ ዘይት ነው። ጭነትና ዳገት ለሚበዛበት መኪና በየ60 ሺህ ኪሎ ሜትሩ መቀየር ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ።

ለዚህ ካምቢዮ የታዘዘው ዘይት ደብልዩ ኤስ (WS) የሚባለው ነው። ለቀደሙት ቶዮታዎች ይታዘዝ ከነበረው ቲ-አራት (T-IV) ጋር አይቀላቀልም፤ ሁለቱም ቀይ ስለሆኑ በቀለም መለየት አይቻልምና የዕቃውን ጽሑፍ ማንበብ ግድ ነው። ከሶማሌ ተራም ይገዛ ከወኪል፣ የክዳኑ ማሸጊያ ያልተነካ መሆኑን ሳያረጋግጡ ገንዘብ መክፈል አይገባም። ከዘይቱ ሌላ ለብሎኖቹ አዲስ ራንዴላ፣ ሊትር የተጻፈበት ንጹሕ ዕቃ፣ ቀጭን ቱቦ ያለው የእጅ ፓምፕ፣ ብሎን በተወሰነለት ልክ የሚያጠብቅ ቶርክ ሬንችና ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር ተገናኝቶ የካምቢዮውን ሙቀት የሚያነብ የኦቢዲ መመርመሪያ ያስፈልጋል።

መኪናው አራቱም ጎማዎች መሬት እንደነኩ በደልዳላ ቦታ ይቁም። የዘይቱ ልክ የሚታወቀው ከመለኪያው ቀዳዳ ተርፎ በሚፈሰው ስለሆነ፣ በክሪክ አንድ ወገን ብቻ የተነሣ መኪና የሚሰጠው ልክ የተሳሳተ ነው። ደግነቱ ሃይሉክስ ከመሬት ከፍ ያለ ስለሆነ ሳይነሣ ከሥሩ መግባት ይቻላል። የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ከጎማዎቹ ፊትና ኋላም ታኮ ይደረግ፤ በኋላ ሞተሩ እየሠራ ከሥር ስለሚገባ ይህን መዝለል አይፈቀድም። ጭሱ እንዳይታፈንም ሥራው ከደጅ ይሁን።

ማፍሰሻውን ከመንካት በፊት በካምቢዮው ጎን ያለው የመሙያ ብሎን ይፈታ። እኔ በመጀመሪያው ጊዜ ይህን ቅደም ተከተል ገልብጬ ዘይቱን ካፈሰስኩ በኋላ የመሙያው ብሎን አልፈታ ብሎኝ፣ የማይነዳ መኪና ደጃፌ ላይ ሁለት ቀን ቆሟል። መሙያው ካልተፈታ አሮጌው ዘይት ባለበት ይቆይና መኪናው ወደ ጋራዥ ይነዳ።

ከካምቢዮው በታች ዘይቱ ከሚጠራቀምበት ገንዳ ሥር ሁለት ብሎኖች አሉ፤ አንዱ ማፍሰሻ፣ ሌላው የልክ መለኪያ ነው። ዘይቱ ለብ ሲል ማፍሰሻው ይከፈትና የወጣው በሙሉ በንጹሕ ዕቃ ይጠራቀም፤ ከቀዘቀዘ በኋላም በሊትር ይለካ፤ ትኩስ ዘይት ስለሚያብጥ መጠኑን አብዝቶ ያሳያል። ከታች የወጣው ስንት እንደሆነ ሳያውቁ ከላይ መሙላት በግምት መሥራት ነውና ቁጥሩ በወረቀት ይጻፍ። ቀለሙም ይታይ፤ መጥቆሩ ብቻውን አያስደነግጥም፤ የተቃጠለ ሽታ ካለው ግን ፍሪሲዮኖቹ ተጎድተዋል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለውን ካምቢዮ አዲስ ዘይት አያድነውም።

ገንዳውን ማውረድ የፈለገ ሰው ብሎኖቹን በጥቂት በጥቂቱ ያላላ። ከገንዳው ወለል ላይ በማግኔቶቹ ዙሪያ እንደ ረጠበ አመድ ያለ ግራጫ ነገር ተለጥፎ ይገኛል። ጥቂቱን በሁለት ጣት መካከል ማሸት ነው፤ ከለሰለሰ የተለመደ ድካም ነው፣ የሚወጋ የብረት ስባሪ ከተሰማ ግን ሥራውን አቁሞ ባለሙያ ማማከር ይገባል። ማግኔቶቹ ክር በማይለቅ ጨርቅ ይጠረጉ፣ ማጣሪያውና ጋስኬቱ በአዲስ ይተኩ፣ ብሎኖቹም ከመሐል ወደ ዳር በተራ፣ በመመሪያው በተጻፈው ልክ ይጥበቁ፤ ከልክ በላይ የጠበቀ ብሎን የገንዳውን ከንፈር ያጣምማል፤ መንጠባጠብም ከዚያ ይጀምራል።

ቀጥሎ የወጣውን ያህል አዲስ ዘይት በፓምፑ ይገባል። ሞተሩ ይነሣና እግር ፍሬን ላይ እንዳለ ማርሹ ከፒ እስከ ዲ ቀስ እያለ ይመላለስ፤ ከዚያ ወደ ፒ ይመለስ። ኤሲው ይጥፋ፣ ሞተሩ ሳይጠፋ መመርመሪያው 40 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲያነብ የልክ መለኪያው ብሎን ይከፈት፤ ትክክለኛው የሙቀት ወሰን በመኪናው የጥገና መመሪያ ይገኛል። ዘይቱ በክር መልክ ከወረደ ትርፍ አለ ማለት ነውና ወደ ጠብታ እስኪለወጥ ይጠበቅ፤ ምንም ካልወጣ በጥቂቱ ይጨመር። ሙቀቱ ካለፈ በዚያ መለካት ስሕተት ስለሆነ ሞተሩን አጥፍቶ እስኪበርድ መታገሥ ያስፈልጋል።

በአንድ ጊዜ የሚወጣው ከጠቅላላው ከፊሉ ብቻ ነው፤ ቀሪው በቶርክ ኮንቨርተሩና ዘይቱን ወደየማርሹ በሚመራው ቫልቭ ቦዲ ውስጥ ይቀራል። ለምሳሌ በእያንዳንዱ ጊዜ 40 በመቶው ቢቀየር፣ ከሦስት ዙር በኋላ አዲሱ ዘይት 78 በመቶ ያህል ይደርሳል። በመካከሉ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር እየነዱ መድገም፣ በማሽን ግፊት በአንድ ጊዜ ከማጠብ የተሻለ ነው እላለሁ፤ በተለይ ዘይቱ ለረጅም ዓመታት ላልተቀየረ ካምቢዮ።

አሮጌው ዘይት በጄሪካን ተዘግቶ ያገለገለ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ይሰጥ፤ ወደ ቱቦም ሆነ ወደ መሬት አይደፋ። ማታ መኪናው ሲቆም ከካምቢዮው ሥር ንጹሕ ካርቶን ይነጠፍ፤ ጠዋት ቀይ ጠብታ ከተገኘበት፣ ከየትኛው ብሎን እንደ ወረደ ሳይታወቅ መኪናው አይነሣ።