ስለ ኳንተም አኖማሊና ስለ ቻርጅ ስናወራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

«አኖማሊ» ሲባል ብዙ ሰው የተበላሸ መሣሪያ ወይም ያልተጠበቀ የሙከራ ውጤት ይመስለዋል። እዚህ ግን ሌላ ነገር ነው። በክላሲካል (ከኳንተም በፊት በነበረው) ፊዚክስ በደንብ የሚሠራ ሲሜትሪ፣ ማለትም አንድ ነገር ሲቀየር ሕጉ ሳይቀየር መቅረቱ፣ የጥቃቅን ቅንጣቶች ፊዚክስ የሆነው ኳንተም ሲገባበት ይፈርሳል፤ አኖማሊ የሚባለው ይኸው ነው። ሲሜትሪው ሲፈርስ፣ በእሱ የተነሳ ሳይለወጥ ይቆይ የነበረው መጠንም መለወጥ ይጀምራል።

ትልቁ ስህተት ከዚህ ይከተላል፦ «እንግዲያው የኤሌክትሪክ ቻርጅም ሊጠፋ ይችላል» ማለት። አይችልም! እ.ኤ.አ. በ1969 የፊዚክስ ሊቃውንቱ ስቲቨን አድለር ለብቻው፣ ጆን ቤልና ሮማን ጃኪቭ ደግሞ አብረው ያሳዩት ሌላ ነው። ቅንጣቶች ወደፊት እየሄዱ በየት በኩል እንደሚሾሩ ታይቶ ቀኝና ግራኝ ይባላሉ። የኤሌክትሪክና የማግኔት መስክ በአንድ አቅጣጫ ሲሆኑ ግራኞቹ ይቀንሳሉ፣ ቀኞቹ በዚያው ልክ ይጨምራሉ። ብር ከግራ ኪስ ወደ ቀኝ ኪስ እንደማዛወር ነው። የሁለቱ ኪሶች ልዩነት ተለወጠ፤ ጠቅላላ ብሩ ግን ያው ነው። ቻርጅ የሚቆጠረው ከጠቅላላው ነው።

አኖማሊን ሁሉ እንደ በሽታ ማየትም ልክ አይደለም። ገለልተኛው ፓዮን (ቻርጅ የሌለው፣ ዕድሜው በጣም አጭር የሆነ ቅንጣት) በ8.4 × 10⁻¹⁷ ሰከንድ ገደማ ወደ ሁለት ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) የሚፈርሰው በአኖማሊ ምክንያት ነው። አደጋ የሚሆነው እንደ ኤሌክትሮማግኔት ያሉት የተፈጥሮ ኃይሎች ራሳቸው የቆሙበት ሲሜትሪ ላይ ሲመጣ ነው። ያኔ ቲዮሪው እርስ በርሱ ይጋጫል፤ ስለዚህ የቅንጣቶቹ አስተዋጽኦ ተጣፍቶ ዜሮ መምጣት አለበት።

ይህን ሲያሰሉ ቀለምን የሚረሱ አሉ። እስቲ ደብተር አውጡ። የቅንጣቶቹን ቻርጅ ጻፉ፦ ኤሌክትሮን −1፣ ኒውትሪኖ 0፣ ፕሮቶንና ኒውትሮን ከተሠሩባቸው ኳርኮች ደግሞ አፕ ኳርክ +2/3፣ ዳውን ኳርክ −1/3። እንዲሁ ከደመራችሁ −2/3 ይመጣል። ግን እያንዳንዱ ኳርክ በሦስት «ቀለም» ይመጣል (ስሙ ነው እንጂ በዓይን የሚታይ ቀለም አይደለም)። ስለዚህ አፕ +2፣ ዳውን −1፣ ኤሌክትሮን −1። ዜሮ! መሟላት ያለበት ይህ ብቻ አይደለም፣ ግን ሌሎቹም ቅድመ ሁኔታዎች ይሟላሉ። እኔ ይህን ስሌት ደጋግሜ ብሠራውም አሁንም ይገርመኛል።

ስሌቱን የወረቀት ጨዋታ አድርጎ መናቅም ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ፌርሚላብ በተባለው የአሜሪካ ቤተ ሙከራ ውስጥ ቦተም ኳርክ (የዳውን ከባድ ዘመድ) ሲገኝ፣ በሦስት ቀለሙ −1፣ ከታው ቅንጣት (የኤሌክትሮን ከባድ ዘመድ) −1 ጋር ተደምሮ −2 ሆነ። +2 ጎደለ። ፊዚክስ ሊቃውንት የጎደለውን የሚሞላ ኳርክ መኖር አለበት ብለው ፍለጋውን ቀጠሉ። ቶፕ ኳርክ በ1995 እዚያው ፌርሚላብ ተገኘ።