ለጠበበ ኤምባሲ ተጨማሪ ቢሮ እንዴት ይገኛል?

ደላላ ከመጥራትዎ በፊት ያለውን ሕንፃ ይለኩ። ለአንድ ሠራተኛ፣ መተላለፊያውን ሳይጨምር፣ ከ8 እስከ 10 ካሬ ሜትር ይያዙ። ብዙ ጊዜ ቦታውን የበላው ሰው ሳይሆን የቆየ ፋይልና የተሰበረ ወንበር ነው። ፋይሉን ግን ላይኛው ፎቅ ላይ አይከምሩ፤ የቢሮ ወለል በተለምዶ በካሬ ሜትር 250 ኪሎ ገደማ እንዲሸከም ነው የሚሠራው፤ በወረቀት የታጨቀ መደርደሪያ ከዚያ በቀላሉ ያልፋል። እርጥበት የሌለው ምድር ቤት ይሻላል።

ይህም ካልበቃ መጀመሪያ የሚወጣው የቪዛና የፓስፖርት ክፍል ነው፤ ወረፋውንም ይዞ ይሄዳል። ምስጢራዊ መልእክት የሚይዙት ከነበሩበት አይነሡ።

አዲሱ ቢሮ ከከተማው ውጭ ከሆነ የዲፕሎማሲ ግንኙነትን በሚገዛው በ1961 እ.ኤ.አ. የቪየና ስምምነት አንቀጽ 12 መሠረት የተቀባዩ አገር፣ ማለትም ኤምባሲው ያለበት አገር፣ ግልጽ ፈቃድ አስቀድሞ ያስፈልጋል። እዚያው ከተማ ውስጥ ቢሆንም አድራሻውን ለውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በጽሑፍ ያሳውቁ፤ አለዚያ የግቢው ያለመደፈር መብት (ያለ ኤምባሲው ፈቃድ የአገሩ ባለሥልጣናት እንዳይገቡበት የሚከለክለው) ማከራከሩ አይቀርም።

ብዙዎችን የሚያሳስተው ግብር ነው። በአንቀጽ 23 ነፃ የሚሆነው ኤምባሲው እንጂ አከራዩ አይደለም፤ ስለዚህ አከራዩ የራሱን ግብር ኪራዩ ላይ እንዳይጭን ውሉን በደንብ ያንብቡ። ግድግዳ የማፍረስ፣ አንቴና የመትከልና የኤሌክትሪክ ኃይል የማሳደግ ፈቃድም ከፊርማው በፊት ውሉ ውስጥ ይግባ።